የአባባ ጉተማ የሳር መለኪያ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት ሦስት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ አቃቂ በሰቃ ውስጥ የአንድ አሮጌ ቤት ቆርቆሮ ሲነቅል የነበረ አናጢ ከጣሪያው ማገር መሐል አንድ የወይራ ዱላ አወጣ። ርዝመቱ ከሰው ወገብ አይበልጥም። በአንደኛው ጫፍ በኩል በቢላዋ ዙሪያውን የተፈለፈሉ ሁለት ቀለበቶች አሉት፤ የታችኛው ከጫፉ አራት ጣት፣ የላይኛው አንድ ስንዝር ይርቃል።

የቤቱ ባለቤት ጫልቱ ናት። አስፋልቱ ዳር የባጃጅ መለዋወጫ ትሸጣለች። አናጢው ዱላውን ከፍርስራሹ ጋር ሊጥለው ሲል ከእጁ ነጥቃ ደወለችልኝ።

«እትዬ ጽጌ፣ የአያቴ ይመስለኛል። አናጢው የበግ መንጃ ነው ይላል፣ ልጄ ደግሞ የጭፈራ ዱላ ነው ብሎ እየዘለለበት ነው። እርስዎ ያውቁት ይሆን?»

«ቀለበት አለው?» አልኳት።

«ሁለት።»

«እንዳትጥሉት። መጣሁ።»

ሁለት ታክሲ ቀይሬ እኩለ ቀን ሳይሞላ ደረስኩ። ዱላው በጥላሸት ጠቁሯል። በመሐረቤ ጠረግኩትና አሸተትኩት፤ ከጥላሸቱ ሥር የቆየ ቅቤ ይሸታል፤ ባለቤቱ በየዓመቱ ክረምቱ ሲገባ እንዳይሰነጠቅ በቅቤ ያሹት ነበር። ጫልቱ ምን እንደሆነ እስክነግራት ፊት ፊቴን ታያለች፤ እኔ ግን በዚያች ደቂቃ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እግሬም ላይ አዲስ ነጭ ሸራ ጫማ ነበር።

ያደግኩት ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ የምድር ባቡር ሠራተኞች ይኖሩባቸው ከነበሩት ቤቶች በአንደኛው ውስጥ ነው። ባቡር ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው ይንሾካሾኩ ነበር፤ እናቴም ከብርጭቆዎቹ ድምፅ ብቻ የሚያልፈው ጭነት ይሁን መንገደኛ፣ ከለገሀር የሚወርድ ይሁን ከናዝሬት የሚወጣ እለያለሁ ትል ነበር፤ አባቴ ግን አያምናትም፤ አባቴ ያልተመዘነ ነገር ሁሉ አያምንም። ሥራው መዛኝ ነበር። ጣቢያው ውስጥ ወለሉ እንደ በር የሚሰፋ ትልቅ የጭነት ሚዛን ነበር፣ የእሱም ሎሌ፣ ጌታም፣ ሐኪምም አባቴ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከሥሩ አቧራውን ጠርጎ ባዶውን ይመዝነዋል፣ ባዶው ባዶ መሆኑን ሳያረጋግጥ አንድ ጆንያ አያስወጣበትም። በዘመን መለወጫ ጠዋት እኛን ልጆቹን በተራ ያወጣናል። ሚዛኑ ትንሽ ነገር ስለማይሰማው ከጨው ጆንያ ጋር ያቆመንና የጆንያውን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ልጅነቴን ሁሉ ክብደቴን የማስበው ከጨው ጋር አብሬ ነበር። እናቴ «እኔንም ከመጋባታችን በፊት መዝኖኛል» ትላለች። አባቴ ይህን አምኖም ክዶም አያውቅም።

ከሐዲዱ ማዶ የአባባ ጉተማ መስክ ነበር። አባባ ጉተማ ፋብሪካውም ጣቢያውም ሳይመጣ በፊት አቃቂን ሲያርሱ ከኖሩ ገበሬዎች ወገን ናቸው፤ እኔ ሳውቃቸው ከእርሻው የቀራቸው ይኸው ከሐዲዱ ተነስቶ ወንዙ ድረስ የሚወርድ መስክ፣ ሁለት በሬ፣ አንዲት ላምና ጥጃዋ ነበሩ። ዓይናቸው ላይ ደመና የመሰለ ነገር ወርዶ ብርሃንና ጥላ ብቻ ይለያሉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በራቸው ላይ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ፤ የእግሬን ኮቴ ያውቁታል፤ «ያ ኢንተላ፣ ዛሬ ምን አስተማሩሽ?» ይሉኛል፤ ኢንተላ በኦሮምኛ ልጃገረድ ማለት ነው፣ ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም። የተማርኩትን እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ደግሞ ትምህርት ቤት የማይሰጠውን ይነግሩኛል።

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርታቸው የሳር ነበር። በሬ ሳር የሚበላው በጥርሱ አይደለም፣ የላይ የፊት ጥርስ የለውም፤ ምላሱን ያወጣና ሳሩን ጠምጥሞ ይነጨዋል። ሳሩ ከአራት ጣት ካጠረ ምላሱ የሚጠመጥመው ነገር ያጣል፤ አንድ ጉርሻ ለማግኘት አሥር እርምጃ ይሄዳል፣ ቀኑን ሙሉ ሲግጥ ይውልና የበላውን በእግሩ ጨርሶት ይገባል። ሳሩ ደግሞ ከጉልበት አልፎ ፍሬ ከያዘ አገዳ ሆኗል፤ ሆዱ ይሞላል፣ ጎኑ ግን አይሞላም። ሥጋ የሚሆነው በሁለቱ መሐል ያለው ሳር ነው፣ ባለ ሦስት ቅጠሉ ማገጥና ሰርዶው ተቀላቅሎ ስንዝር ሲሞላ። ዱላው ለዚህ ነበር። ዱላውን መሬት ላይ ያቆሙታል፤ ሳሩ የላይኛውን ቀለበት ሲነካ ከብቱ ይገባል፣ ታችኛው ላይ ሲወርድ ይወጣል። እስከዚያ መስኩ ሰኔ ላይ እንደተዘጋ ይከርማል፤ እንኳን በሬ፣ የኳስ ጨዋታም አይገባበትም። ኳሳችን የገባ ቀን አጥሩ ላይ ተሰልፈን እንለምናለን፣ እሳቸውም ኳሷን በዳበሳ ፈልገው ሲያመጡ «ይቺ ስንት ሳር እንደተኛችበት ታውቃላችሁ?» ይሉናል፤ እኛ ሳቃችንን እንውጣለን።

የዚያን ዓመት ሐምሌ ጭቃ አንሸራቷቸው ወደቁና ዳሌያቸው ተጎዳ። ከበርጩማቸው ርቀው መሄድ አቃታቸው። ነሐሴ ላይ ልጃቸው ገለታ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛው፣ የጫልቱ አባት፣ ለብዙ ጊዜ ሲያጉረመርም የቆየውን ነገር በእኛ ቤት፣ በአባቴ ፊት አወጣው። አንድ ነጋዴ መስኩን ለመጋዘን ፈልጎታል።

«አባባ፣ ይሄ መስክ አይደለም፣ ጭቃ ነው» አለ። «ሳር ሳር እያልክ ዓይንህን ጨረስክ፣ አሁን እግርህን። በሬ እንኳ አያወፍርም።»

«አያወፍርም አልክ?»

«አያወፍርም።»

አባባ ጉተማ ፊታቸውን ወደ አባቴ ድምፅ አዞሩ። «የሚዛኑ ጌታ፣ በሬ ይመዝናል ያ ነገር?»

«ዝሆንም ቢያመጡልኝ» አለ አባቴ።

ስምምነቱ በዚያው ተቋጨ። ዳለቻ፣ ግራጫው በሬ፣ መስኩ በሚከፈትበት ቀን ጠዋት ውሃ ሳይጠጣ ይመዘናል። በገና ዋዜማ ጠዋት እንዲሁ ውሃ ሳይጠጣ ይመዘናል። ጭድም ፋጉሎም አይጨመርለትም፣ የመስኩ ሳር ብቻ። ግማሽ ኩንታል ከጨመረ ገለታ የመስኩን ነገር ሁለተኛ አያነሳም። ካልጨመረ አባባ ጉተማ ለነጋዴው አውራ ጣታቸውን ያሳርፋሉ። ገለታ አንድ ነገር አስጨመረ፤ አባቱ ሁልጊዜ «ሳሩ ይረፍ» እያሉ ከብቱን እንደሚያስወጡ ያውቃል፣ ስለዚህ መስኩ አንዴ ከተከፈተ እስከ ገና አይዘጋም። አባባ ጉተማ ይህን ሲሰሙ ዱላውን በጣታቸው እየዳበሱ ቆዩ። በኋላ «ከላይኛው ቀለበት ከገባሁ እስከ ገና አያልቅብኝም፣ አራት ከብት ነው» አሉና ተስማሙ። ሁሉም ነገር በመግቢያው ቀን ላይ ተንጠለጠለ።

ሳሩን በየእሁዱ ማን ይለካል? አባባ ጉተማ አይችሉም። ገለታ የክርክሩ ወገን ነው። አባቴ እሁድም ተረኛ ነው። ገለታ እኔን አየኝ።

«የመዛኝ ልጅ ናት» አለ። «ይቺ ትለካ። የመዛኝ ልጅ አትዋሽም።»

አባቴ ሲኮራ ትከሻው ከፍ እንደሚል ያወቅኩት የዚያን ቀን ነው።

አባባ ጉተማ በማግስቱ አስተማሩኝ። ሦስት ቦታ እለካለሁ፦ በወንዙ በኩል፣ መሐሉ ላይ፣ በሐዲዱ በኩል። ከሦስቱ ዝቅተኛውን እነግራቸዋለሁ፣ ከፍተኛው ለማንም አይጠቅምም። በወንዙ በኩልና በሐዲዱ በኩል ቀላል ነበር። መሐሉ ግን ውሃ የቋጠረ ጥቁር ጭቃ ነው፤ እግር ገብቶ በቀላሉ አይወጣም፣ ውሃው ውስጥ ደግሞ አልቅት አለ። በመስከረም የመጀመሪያዎቹ ሁለት እሁዶች በባዶ እግሬ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ። ሳሩ መሐሉ ላይ ገና ሦስት አራት ጣት ነበር። ሁለተኛው እሁድ ላይ ቁርጭምጭሚቴ ላይ የተጣበቀ አልቅት ይዤ እየጮህኩ ወጣሁና እናቴ በጨው አስለቀቀችልኝ። ሁለቱንም ጊዜ «ገና ነው አባባ» አልኳቸው። «ይቆያል እንጂ አይቀርም» አሉኝ።

ሦስተኛው እሁድ የመስቀል ማግስት ነበር። አባቴ ለበዓሉ ነጭ ሸራ ጫማ ገዝቶልኛል፤ ማታ ማታ በነጭ ጠመኔ እቀባዋለሁ፣ ወረቀት ጠቅጥቄበት ራስጌዬ አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ በላይ ደግሞ ዳለቻ ነበር። ታስሮ ጭድ እየበላ ጎኑ ገብቷል፣ ባለፍኩ ቁጥር አንገቱን ወደ መስኩ ዘርግቶ ያሸታል፤ እኔ ሳድግ አብሮኝ ያደገ በሬ ነው፣ ግንባሩን ሳክለት ዓይኑን የሚጨፍን። ሰዉም ይጠይቃል፤ ገለታ ከፈረቃ ሲወጣ «እሺ መዛኟ፣ አልደረሰም?» ይለኛል።

ዱላውን ይዤ ሐዲዱ ላይ ወጣሁ። ከሐዲዱ ሥር ባለው ቦይ የጣቢያው ውሃ ይወርድበታል፣ ስለዚህ እዚያ ሳሩ ከሌላው ቀድሞ ይረዝማል፣ ያውም አብዛኛው ሙጃ ነው። ከጠጠሩ ሳልወርድ ጎንበስ ብዬ ዱላውን አቆምኩ። ሳሩ የላይኛውን ቀለበት አልፎታል። ቀና ብዬ መስኩን አየሁት፤ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ወጥ አረንጓዴ ነበር። ጫማዬን አየሁ። ተመለስኩ።

«ደርሷል አባባ።»

«ሦስቱም?»

«ሦስቱም።»

«ዝቅተኛው የት ነው?»

«መሐሉ ላይ» አልኩ፤ ለውሸቴ ዝርዝር ጨመርኩለት። «መሐሉ ላይ ልክ ቀለበቱን ነካ።»

በማግስቱ ጠዋት ዳለቻ ሚዛን ላይ ወጣ። አባቴ ጎንና ጎኑን በጣውላ ከልሎ፣ ባዶውን ሁለት ጊዜ አረጋግጦ መዘነውና በጣቢያው እርሳስ ጻፈው። ከዚያ አጥሩ ተከፈተ። ጥጃዋ ዘለለች፣ ሰዉ ሳቀ፣ ዳለቻ ሁለት እርምጃ ገብቶ አንገቱን ደፋ። እኔ በነጭ ጫማዬ ሐዲዱ ላይ ቆሜ አጨበጨብኩ።

አባባ ጉተማ በርጩማቸውን አጥሩ ሥር አስደርገው ተቀመጡ። መስኩን ማየት ባይችሉም ይሰሙታል። በደህና ሳር ላይ በሬ ሲግጥ ድምፁ ረጅም ነው፤ አንድ ቦታ ቆሞ ይነጫል፣ ይነጫል፣ ይነጫል፣ ከዚያ አንድ እርምጃ። የዚያን ቀን ድምፁ አጭር ነበር። አንድ ይነጫል፣ ይራመዳል፤ አንድ ይነጫል፣ ይራመዳል፣ ይራመዳል። ይህን ያኔ አላስተዋልኩም፤ ያስተዋልኩት ጭንቅላታቸውን ወደ አንድ ጎን አዘንብለው፣ ሰው ሁሉ ሄዶ እስኪያልቅ ድረስ እንዳልተንቀሳቀሱ ብቻ ነው። ወደ ማታ ሳልፍ ጠሩኝ።

«ያ ኢንተላ፣ ትናንት መሐሉ ስትገቢ አልቅት አልያዘሽም?»

«አልያዘኝም አባባ።»

«በዚህ ወር?»

«አልያዘኝም።»

ዱላውን ተቀበሉኝና ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ በጋቢያቸው ጠረጉት። የሚጠረግ ጭቃ አልነበረበትም።

«ጎበዝ» አሉ። «ሂጂ፣ አባትሽ እንዳይጠብቅሽ።»

ቀጥሎ የመጡትን ሦስት ወሮች በመስኮት እያየሁ አሳለፍኳቸው። በሌላ ዓመት ዳለቻ አራት ሰዓት ሳይሆን ጠግቦ ይተኛና እስከ ቀትር ያመሰኳ ነበር፤ የዚያን ዓመት አልተኛም። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ እየሄደ ይግጣል፣ ስመለስም እየሄደ ይግጣል። መሐሉ እርጥብ ሳለ በመረገጡ ኮቴ በኮቴ ሆነ፣ ሳሩ ቀና ሊል ሲል ይነጫል፤ ጥቅምት ሳያልቅ ፀጉር አስተካካይ የነካው ይመስል ነበር። ኅዳር ላይ ነፋሱ መጣና የኮቴውን ጉድጓዶች እንደ ሸክላ አደረቃቸው። ሐዲዱ ሥር ብቻ ሙጃው አገዳ ሆኖ ቆሟል። አባባ ጉተማ ከብቱን አስወጡ አላሉም። ለማስወጣት የመግቢያው ልኬት ሐሰት ነበር ማለት ነበረባቸው፣ እሱን ለማለት ደግሞ የማንን ስም መጥራት እንዳለባቸው አውቃለሁ። አባቴ በየሳምንቱ ይጠይቃቸዋል፤ «ሳር ነው፣ አንዳንድ ዓመት እንዲህ ያደርጋል» ይሉታል።

በገና ዋዜማ ጠዋት ዳለቻ ሚዛን ላይ ወጣ። አባቴ የሚዛኑን ብረት ገፋ፣ መለሰ፣ ገፋ። ከዚያ ወረቀቱን አየ።

«ሃያ ሦስት ኪሎ ጨምሯል» አለ።

ያስገረመኝ ገለታ ነው፤ ያሸነፈ ሰው ፊት አልነበረውም። «ድገመው» አለ ለአባቴ፣ «ምናልባት ጣውላው ነክቶት ይሆናል፣ ድገመው እስቲ።» አባቴ ደገመው። ሦስተኛም ጊዜ መዘነው። ሃያ ሦስት ነው። እኔ ከጨው ጆንያዎቹ አጠገብ ቆሜ ነበር። መሐሉን አልለካሁም የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር፣ ሁለት ቃል ብቻ። አባቴ ግን ቀና ብሎ አላየኝም፤ ሚዛኑን ነበር የሚያየው፣ በዕድሜው ሙሉ ያመነውን ሚዛን፣ በዚያ ጠዋት እንዲሳሳትለት የሚለምነው ይመስል።

«የብረት ነገር ነው፣ አይዋሽም» አሉ አባባ ጉተማ። «ገለታ፣ ሰውዬህን ጥራ።»

ጥር ሳይገባ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ከብቱ የሚግጥበት አልነበረምና ተሸጠ። ዳለቻን የወሰዱት ሰዎች በሐዲዱ ዳር ወደ ከተማ ሲነዱት ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ እናቴ ነገረችኝ፣ ሐዲዱ ላይ ቆሞ ወደ ኋላ አንዴ ዞሯል አለችኝ፣ ከዚያ ግን ምናልባት ባቡር ሰምቶ ይሆናል ብላ ጨመረች።

ነጋዴው መስኩን በሽቦ አጠረው እንጂ ቶሎ አልሠራበትም። ክረምቱ መጣ። የሚግጠው ስላልነበረ ሳሩ በነፃ አደገ። በመስከረም ሦስተኛ እሁድ፣ ሳልታዘዝ፣ አባባ ጉተማ ቤት ሄጄ በሩ ጥግ የቆመውን ዱላ አነሳሁ፤ ሲንቀሳቀስ እንደሰሙት አውቃለሁ። ጫማዬን አውልቄ በሽቦው ሥር ሾለክሁ። በወንዙ በኩል ለካሁ። በሐዲዱ በኩል ለካሁ። መሐሉ ገባሁና እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ቆሜ ለካሁ፣ አንድ ጊዜ ሳይሆን አራት አምስት ጊዜ፣ ቦታ እየቀያየርኩ። ስመለስ እሳቸው በርጩማው ላይ ናቸው። ከፊታቸው ተንበረከክሁ።

«በወንዙ በኩል ከቀለበቱ ሁለት ጣት በላይ ነው አባባ። በሐዲዱ በኩል አገዳ ይዟል። መሐሉ...» ዱላውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። «መሐሉ ልክ ቀለበቱ ላይ ነው።»

እጃቸውን ዘረጉ። ራሴን አገኙት፣ ትከሻዬን፣ ከዚያ ወረድ ብለው በጭቃ የተለበጠ እግሬን። ከጉልበቴ ኋላ ላይ ጣታቸው ቆመ። አልቅት ነበር፤ እኔ አልተሰማኝም። «ጨው» ብለው ወደ ቤት ተጣሩ፣ ገለታ ቆንጥሮ አመጣላቸው፣ እሳቸው በዳበሳ ነሰነሱበትና እስኪለቅ በትዕግሥት ጠበቁ። ከዚያ ደሙን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉልኝ።

«አሁን ደረሰ» አሉ።

ገለታ ከኋላችን ቆሞ ነበር። ስለ ሳሩ የሚያወሩ መሰለው። «ምን ያደርጋል አባባ» አለ፣ «አሁን የሰው ነው።»

አባባ ጉተማ በዚያው ዓመት ጥር ላይ አረፉ። አባቴ ባቡሩ እስኪቆም ሚዛኑ ላይ አልቆየም፣ ከዚያ በፊት በጡረታ ወጣ፣ ከዚያም ሞተ፤ እስከ መጨረሻውም በሕይወቴ ያየሁት ብቸኛው ያልገባኝ ክብደት የጉተማ በሬ ነው ይል ነበር። ብዙ ጊዜ ልነግረው አፌን ከፍቻለሁ። ከኖርኩበት የዳኝነት ሥራ አንፃር የማይታመን ይመስላል፤ ሰው «አየሁ» ሲለኝ የት ቆመህ ብዬ ስጠይቅ ኖሬያለሁ፣ ለአባቴ ግን የት እንደቆምኩ አልነገርኩትም።

ይህን ሁሉ ለጫልቱ ጣሪያ በሌለው ቤቷ መሐል ቆመን ነገርኳት። አናጢው ምሳውን ሊበላ ወጥቷል፣ ልጇ ቆርቆሮ ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። ሳላቋርጥ ጨረስኩ።

«ስንት ዓመትዎ ነበር?» አለችኝ።

«አሥራ አንድ።»

ዱላውን ከእጄ ወሰደችና ቀለበቶቹን አየቻቸው። «አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው» አለች። «አባባን አስፈርሜ ገደልኩት ይል ነበር። በየገናው። ዶሮው ቀርቦ አይበላም፣ ወጥቶ ይቆማል። እኛ በዓል አይወድም ነበር የምንለው።» የላይኛውን ቀለበት በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። «ይሄን ቢሰማ...» ብላ ጀምራ ተወችው። እኔም ይቅርታ ለመጠየቅ የከፈትኩትን አፍ መልሼ ዘጋሁ፤ የሚቀበለኝ ሰው እሷ አልነበረችም።

ልጇ ነው «ቦታው አለ?» ብሎ የጠየቀው።

«ትንሽ ሳይኖር አይቀርም» አለች ጫልቱ። ከቆርቆሮው ላይ አነሳችውና ዱላውን አስያዘችው። ወደ እኔ ዞረች። «እስቲ ይምጡ እትዬ ጽጌ። አንዴ በትክክል ይለካ።»

በአሮጌው ሐዲድ በኩል ሄድን። ከብረቱ ብዙው ተነቅሏል፣ ጠጠሩ አለ። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩ። ልጁ ዱላውን እያቆመ፣ እኔ እያጎነበስኩ እያየሁ፣ ጫልቱ በስልኳ ጻፈችው። ሰዓቱ ስምንት ከሩብ ነበር።

በሐዲዱ በኩል፦ ከላይኛው ቀለበት ሦስት ጣት በላይ፣ ሙጃ።

በወንዙ በኩል፦ ከታችኛው ቀለበት በታች፣ ሰርዶ።

መሐሉ፦ የመጋዘን ወለል፣ ሲሚንቶ።